ቀላል ዘንግ በበርክ ሐይቅ፦ ባለ 50 ዶላሩ አልትራላይት ያዋጣል?

በሰሜን ቨርጂኒያ ትልልቅ መደብሮች የዓሣ ማጥመጃ መደርደሪያ ላይ ዘንጉ ከሪሉ (ከክር መጠቅለያው) ጋር ተገጥሞ፣ ክሩም ተጠቅልሎበት፣ ከ30 እስከ 60 ዶላር የሚሸጥ «አልትራላይት» የሚል መለያ ያለው ቀጭን ዘንግ አታጡም። ብዙ ሰው አንስቶ ያወዛውዘውና «ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ከጎኑ ያለውን ወፍራሙን ይዞ ይወጣል። የሚሄደው በርክ ሐይቅ ከሆነ የማይሆነውን ነው የገዛው።

ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ። ዘንጉ ለዋጋው ከበቂ በላይ ነው። ሪሉ ያስኬዳል። አብሮ የመጣው ክር ግን ቀጥታ ቆሻሻ መጣያ የሚገባ ነው። ጥቂት ዶላር ጨምሮ ክሩን የቀየረና የሪሉን ድራግ (ክር የሚለቀውን ፍሬን) በትክክል ያስተካከለ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጠምዳል። ይህን ያልሠራ ሰው የ200 ዶላር ዘንግ ቢይዝም ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ክር ሲፈታ ይውላል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። በርክ ሐይቅ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በኦክስ ሮድ በኩል የሚገባበት፣ ሳውዝ ረን የተባለው ጅረት ተገድቦ የተፈጠረ 218 ኤከር (88 ሄክታር ገደማ) ውኃ ነው። አካባቢው ዋሽንግተንን የሚያገለግል ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታስቦ፣ መሬቱም መገዛት ተጀምሮ ነበር። ነዋሪው አልቀበልም ብሎ ሲሟገት ቆየ፤ በ1958 ምርጫው ወደ ሻንቲሊ ዞረ፤ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ የምንነሣበት ዳለስ እዚያ ተሠራ። እነዚያ ሰዎች ባይከራከሩ ኖሮ አሁን መንጠቆ የምንጥልበት ቦታ ላይ ሻንጣ እንጎትት ነበር።

በሐይቁ ላይ የቤንዚን ሞተር ክልክል ነው፤ የኤሌክትሪክ ይፈቀዳል። በወቅቱ የሚከራይ የመቅዘፊያ ጀልባ አለ፤ ጀልባ የማይፈልግ በሐይቁ ዙሪያ ባለው 4.7 ማይል መንገድ እየተዘዋወረ ከዳር ያጠምዳል። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የቨርጂኒያ የጣፋጭ ውኃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለምትመጡ፣ የሜሪላንድ ፈቃዳችሁ እዚህ አይሠራም።

አልትራላይቱ ለምን? መልሱ ዓሣው ራሱ ነው። እዚህ በብዛት የሚገኘው ብሉጊል፣ ሬድኢርና ክራፒ ነው፤ ፈረንጆቹ በመጥበሻ ልክ ናቸው ብለው ሁሉንም «ፓንፊሽ» ይሏቸዋል። ብሉጊል ለሐዋሳ ወይም ለዝዋይ ልጅ ሩቅ አይሆንበትም፤ ቁመናው፣ ጠፍጣፋ ጎኑና ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ቆሮሶን ያስታውሳል፤ ዘመድ ግን አይደሉም። የናይል ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ብሉጊል ግን አባትየው ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ጠጠሩን በጅራቱ ጠርጎ የሳህን ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ይሠራል፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ውኃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ፣ ከዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ እነዚህ ጎድጓዶች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ይታያሉ። የፖላራይዝድ መነጽር ካላችሁ በዚህ ወቅት ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል።

የብሉጊል አፍ ግን የጣት ጫፍ የምታህል ናት። የሚገባላት መንጠቆ ቁጥር 8 ወይም 10 ነው፤ የሚወረወርላት ማባበያ 1/32 አውንስ፣ ማለትም ከአንድ ግራም በታች። ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ዘንግ የሚወረውረው ሲጎብጥና ሲቃና ነው። አንድ ግራም ደግሞ ወፍራም ዘንግን አታጎብጥም። ባለ 10 ፓውንድ ክርም (ቁጥሩ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው) ለእንዲህ ያለ ክብደት ከሪሉ ላይ እየተንቀራፈፈ ስለሚወጣ ማባበያዋ አራት ሜትር ርቃ ጠብ ትላለች። ሰው «እጄ አልለመደም» ይላል፤ ጥፋቱ የእጁ አይደለም።

መደብር ውስጥ ስትመርጡ ከእጀታው በላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ክር ከ2 እስከ 6 ፓውንድ፣ ማባበያ ከ1/32 እስከ 1/4 አውንስ የሚል ከሆነ እውነተኛ አልትራላይት ነው። 4–8 ፓውንድና ከ1/8 ጀምሮ የሚል ከሆነ መለያው ምንም ይበል ምን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ለብሉጊል ይደርቃል። ርዝመት 5 ጫማ ተኩል ወይም 6 ጫማ ውሰዱ። የ4 ጫማ ተኩሉ መኪና ውስጥ ስለሚገባ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሩቅ አይወረውርም፣ ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲሾልክም ክሩን ዞር ለማድረግ አይደርስላችሁም።

ሁለት ፍተሻ እዚያው አድርጉ። የመጀመሪያው የጥጥ ነው፤ ትንሽ ጥጥ ወይም ሶፍት በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ አሾልካችሁ አዟዙሩ። ጥጡ ተይዞ ከተላጠ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ያ ስንጥቅ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ባለ 4 ፓውንድ ክርን በአንድ ጠዋት ይቆርጠዋል። ሁለተኛው የሪሉ ነው፤ ድራጉን አላልታችሁ ክሩን በእጅ ሳቡ። መውጣት ያለበት ሳይቆራረጥ ነው። መጀመሪያ እንቢ ብሎ ድንገት ፈትለክ የሚል ከሆነ ሌላ አንሡ፤ ቀጭን ክር የሚበጠሰው በዚያች ድንገተኛ ቅጽበት ነው። «ይህን ያህል ኩሽኔታ አለው» የሚለው ማስታወቂያ ግን አያታልላችሁ፤ ለዚህ ሥራ ሦስቱም አሥሩም አንድ ናቸው። የሪሉ መጠን 1000 የሚባለው ይበቃል። 500ው ያምራል፣ ግን ክሩ የሚጠቀለልበት ስፑል ጠባብ ስለሆነ ክሩ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ይቀራል።

አብሮ የሚመጣው ክር ችግሩ ይኸው መጠቅለል ነው። ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ ለወራት ስለሚቀመጥ ቅርጹን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ባለ 6 ወይም 8 ፓውንድ ነው። በምትኩ ባለ 4 ፓውንድ ለስላሳ ናይለን አስገቡ፤ ትሪሊን ኤክስኤል ለዚህ የተመሰከረለት ነው። ፍሎሮካርቦን የሚባለውን የክር ዓይነት ለዚህ ሪል አንመክርም፤ ደረቅ ስለሆነ ከትንሽ ስፑል ላይ እየዘለለ ይወጣል።

አጠቃለሉን እንዲህ አድርጉ። ክሩ የተገዛበትን ጥቅል መለያው ወደ ላይ እንዲሆን መሬት ላይ አስቀምጡ። የሪሉን የሽቦ ቅስት ከፍታችሁ ክሩን እሰሩ፣ ዝጉ፣ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ 15 ዙር ጠቅልሉ። ከዚያ ቁሙና ክሩን አላሉት። ተጠማዝዞ ከተያያዘ ጥቅሉን ገልብጡት፤ ካልሆነ ቀጥሉ። ከስፑሉ ከንፈር 3 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ። ከዚያ በላይ ከሞላችሁ ክሩ በቁንጥር እየወጣ ይተበተባል፤ ብዙ ካጎደላችሁት ደግሞ ከንፈሩ ላይ እየተፋቀ ውርወራችሁን ያሳጥረዋል።

አሁን ድራጉ። ድራግ ማለት ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ስፑሉ እየተንሸራተተ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው ፍሬን ነው። ልኩ ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ ለ4 ፓውንድ ክር ግማሽ ኪሎ ገደማ። ግማሽ ኪሎ ደግሞ ሁሉም ሰው መኪና ውስጥ አለው፤ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ያልተከፈተውን ሃይላንድ መሬት ላይ አቁሙ፣ ክሩን አንገቱ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ጠርሙሱ ከመሬት ሊለቅ ሲል ስፑሉ ክር መልቀቅ ከጀመረ ልክ ነው። ጠርሙሱ ተንጠልጥሎ ዝም ካለ ጠብቋል፤ ፊት ለፊት ያለችውን ቁልፍ ሩብ ዙር ወደ ግራ። ጠርሙሱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ክሩ የሚፈስ ከሆነ ላልቷል። ይህን ቤት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ የሚመጣ ሰው እምብዛም አናይም፤ «ትልቅ ነበር፣ በጠሰብኝ» የሚል ግን ሞልቷል።

ማባበያ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ለበርክ የሚበቃው በአንድ ትንሽ ሳጥን ይገባል። ቢትል ስፒን በ1/16 አውንስ ለጀማሪ ከሁሉ ይቀድማል፤ የመርፌ ቁልፍ በሚመስል ሽቦ ላይ የምትሽከረከር ቅጠልና የጎማ ትል ያላት ናት። ወርውሮ በዝግታ መጠቅለል ብቻ ነው፤ ብሉጊልም፣ ባስ የሚባለው ትልቅ አፍ ያለው አዳኝ ዓሣም ይመቱታል። ሽቦው ከመንጠቆው ፊት ስለሚሄድ በሣርና በጭራሮ ውስጥ ብዙ አይያዝም። ሩስተር ቴይል ያምራል፣ ዓሣም ይይዛል፤ ግን መላ አካሉ ስለሚሽከረከር ክሩን ይጠመዝዘዋል። ከፊቱ 40 ሴንቲሜትር ላይ በጣም ትንሽ ስዊቭል (የምትሽከረከር ማያያዣ) ካላሰራችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክራችሁ ፀጉር ይሆናል። ትራውት ማግኔት ስሙ የትራውት ቢሆንም 1/64 አውንሷ ጭንቅላትና የተሰነጠቀች ጅራቷ ለብሉጊል ወደር የላትም። ብቻዋን አትወረወርም፤ ከበላይዋ 60 ሴንቲሜትር ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ ሲደረግላት ተንሳፋፊው የመወርወሪያ ክብደት ይሆናታል። ነፋስ ካለ ደግሞ ማዕበሉ ራሱ ያወዛውዛታል፤ እናንተ ዝም ማለት ነው።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ትል የተሻለ ነው፤ ትልቁን ትል ሙሉውን አታስገቡ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ መንጠቆው እንዲሸፈን ብቻ። ሙሉ ትል ከተሰቀለ ብሉጊል ጫፍ ጫፉን ይበላና መንጠቆውን ለእናንተ ይተዋል። መንጠቆውም አንገተ ረጅም ይሁን፤ ዓሣው ቢውጠው እንኳ የምትይዙት ነገር ይኖራችኋል። እስከ ጉሮሮ ከገባ አትጎርጉሩ፣ ክሩን ቆርጣችሁ ልቀቁት።

ቋጠሮ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ክሩን በዓይኑ አሾልካችሁ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዛችሁ፣ ጫፉን ከዓይኑ አጠገብ ባለችው ቀዳዳ መልሳችሁ፣ ከዚያ በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት አሳልፋችሁ የምታጠብቁት የተለመደው ቋጠሮ ይበቃል። ከማጥበቃችሁ በፊት ግን ምራቅ አስነኩት። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ ፍትጊያው ያግለዋል፣ ቋጠሮው ሥር ነጭ ጥምዝማዝ ታያላችሁ፤ ያ ቦታ ግማሽ ጉልበቱን ያጣ ነው። ባስ ከያዛችሁ በኋላም የመጨረሻውን 20 ሴንቲሜትር በጣታችሁ መካከል ሳቡት፤ የባስ አፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ወደ ውኃው። ጀልባው ቀላልና ጠፍጣፋ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል፤ መቅዘፊያ ይዞ ማጥመድ ደግሞ አይሆንም። አንድ መልሕቅ ብቻ ከጣላችሁ ጀልባው በገመዱ ዙሪያ ሲዞር ይውልና ማባበያችሁ በየደቂቃው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ጣሉ፣ ከፊትና ከኋላ። አራት ኪሎ ገደማ አሸዋ የሞላበት የልብስ ሳሙና ፕላስቲክ ያገለግላል፤ ሲወርድ ግን ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ድው ካለ ዓሣው አካባቢውን ለቆ ይሄዳል። ቆማችሁ አትወርውሩ።

ጠዋት ፀሐይ ዛፉን ሳታልፍ ባስ ዳር ላይ ነው። ከወደቀ ግንድና ከሣሩ ጫፍ ጎን ለጎን ወርውሩ፤ ወደ ሣሩ ውስጥ አይደለም። የአልትራላይት ድክመት እዚህ ላይ ነው፣ አንሸፋፍነውም፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ባስ ማባበያውን ይዞ ሣር ውስጥ ከገባ ባለ 4 ፓውንድ ክር አያወጣውም። ዓላማችሁ ትልቅ ባስ ብቻ ከሆነ ይህን ዘንግ አትግዙ። ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ያለው ባስ ግን በዚህ ዘንግ ከትልቁ ዘንግ ይልቅ ያዝናናችኋል። ሲጎትት አትጠቅልሉ። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ስፑሉ እየተንሸራተተ ሳለ እጀታውን ባዞራችሁ ቁጥር ክሩ አይገባም፣ ይጠመዘዛል። የሪሉ ጥርስ አምስት ለአንድ ከሆነ በአንድ ዙር አምስት ጥምዝማዝ ታስገባላችሁ። እሱ ሲወስድ ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ሲቆም ዘንጉን ወደ ላይ ሳቡ፣ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ። ከወረወራችሁ በኋላም የሽቦ ቅስቱን በእጀታው ሳይሆን በእጃችሁ ዝጉት፤ ከጥምዝማዙ ግማሹ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ረፋድ ላይ ብሉጊሉ ወደ ጥላ ይሸሻል። የጀልባ መቆሚያ ሥር፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ጥልቀት። አንድ ከያዛችሁ ከዚያ አትንቀሳቀሱ፤ ብቻውን አይኖርም። የያዛችኋቸው ሁሉ መዳፍ የማይሞሉ ከሆኑ ግን ጥልቀት ጨምሩ፤ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ በታች ናቸው። ክራፒ ሌላ ጠባይ አለው፤ በጭራሮ ክምር አጠገብ በመሀል ውኃ ተንሳፎ ይቆማል፣ የሚያየውም ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ማባበያው ከሱ በላይ ይለፍ። ሲነካ አትንጠቁ፣ ከንፈሩ እንደ ወረቀት ስለሚቀደድ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ማንሣት ይበቃል። እዚህ ላይ ልስልሱ ዘንግ ከውዱ ዘንግ ይበልጣል፤ ራሱ ስለሚጎብጥ ከንፈሩን አይቀድም።

ብሉጊልን ስትይዙ እጃችሁን አርጥባችሁ ከራሱ ወደ ጅራቱ አሽሹ፣ የጀርባው እሾህ አብሮ ይተኛል። ከጅራቱ በኩል የመጣ እጅ ግን ይወጋል። ባስን በአውራ ጣት የታችኛውን ከንፈር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ፤ አግድም ካዘነበላችሁት መንጋጋው ይጎዳል።

የግዛቱ ሕግ በቀን ባስ 5፣ ክራፒ 25፣ ብሉጊልና ዘመዶቹ በድምሩ 50 ይፈቅዳል። ባስ ለማስቀረት የምታስቡ ግን መጠኑን በሚመለከት ሐይቁ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ሳታነቡ አትጀምሩ። ለመጥበሻ የሚሆነው 20 ሴንቲሜትር የሞላው ብሉጊል ነው፤ ለአንድ ሰው አራት ይበቃል። በባልዲ ውኃ ውስጥ አታቆዩት፤ በሙቀት ሞቶ ሥጋው ይላላል። እንደተያዘ በረዶ ላይ። ቤት ስትደርሱ ቅርፊቱን በማንኪያ ጠርጉ፣ ሆዱንና ራሱን አውጡ፣ ጎኑን እንደ ሐዋሳ ጥብስ በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርጉት። ሸንተሩ ጌጥ አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭን አጥንቱን ያደርቀዋል። ጨው፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል አታስገቡት።

ለዘንጉ እንክብካቤ የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ዘንጉ በተለይ መኪና በር ላይ ይሰበራል፤ የመኪና በር የሰበረው ዓሣ ከሰበረው ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱን ክፍል አላቅቃችሁ በጨርቅ እሰሩት። ማባበያውን በቀለበቱ ላይ አትስቀሉት፣ ቀለበቱን ይሸነቁረዋል፤ ለዚያ የተሠራች ትንሽ ማንጠልጠያ ከእጀታው በላይ አለች። የደረቀ ጭቃ ካለበት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሪሉን በቧንቧ አትርጩ፤ ውኃው ቅባቱን ገፍቶ ያስወጣዋል። ክረምቱ ሲመጣና ልታስቀምጡት ስትሉ የድራጉን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ አላሉት፤ በውስጡ ያሉት የጨርቅ ዲስኮች ተጨምቀው ከከረሙ በሚያዝያ ያ ለስላሳ አለቃቀቅ አይመለስም።